አያንስም፣ አይበልጥም፦ የመምህርት ኦሊቪን ቴሪዮ ሚሾ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ኦሊቪን ቴሪዮ ሚሾ ከአባታቸው ከአቶ አልሲድ ቴሪዮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድቪዥ ሲር፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1941 በሜይን ግዛት፣ በወንዙ ዳር ባለችው በሴንት ኦዲል፣ በላይኛው መንገድ በሚገኘው የቴሪዮ እርሻ ተወለዱ። ያን ቀን በረዶው በሩን ዘግቶ ስለነበር አዋላጇ በመስኮት ገባች እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ኦነዚም በዓመት ከሁለት ወር ተከትሏቸው ተወለደ። አዋላጇ በየት በኩል እንደገባች የነገረው ሰው የለም።

አባታቸው በድንች ለቀማ ወቅት ማሳውን በእርምጃ እየለኩ ለየለቃሚው ድርሻውን የሚያካፍሉ ሰው ነበሩ። ጎልማሳ ለቃሚ ረጅም ድርሻ፣ አሮጊት አጠር ያለ፣ የስምንት ዓመት ልጅም የልጅ ድርሻ ይለካለት ነበር፤ ተበደልኩ ያለ ሰው አልነበረም። አባታችን ከማሳው ጫፍ ይቆሙና ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ "ከሁለት መቶ በርሜል አያንስም፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ አይበልጥም" ይላሉ። ማሳው ተለቅሞ ሲያልቅ ከሁለቱ ቁጥሮች ውጭ የወጣበት ዓመት አይታወስም። ይህች አባባል በኋላ የመምህርት ኦሊቪን ስም ሆናለች። የአባባሏ አባት አልሲድ ቴሪዮ መሆናቸውን ግን ስለ እርሳቸው የጻፈው ጋዜጣም አልጻፈም፣ እርሳቸውም ጋዜጠኛውን አላረሙም፤ ስለዚህ እዚህ ተጽፏል።

ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት በአንድ ቀን ነው። እናታቸው በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ለመመላለስ ጊዜ አልነበራቸውም። በግቢው ውስጥ ፈረንሳይኛ መናገር ክልክል ስለነበር ኦሊቪን እንግሊዝኛውን ቶሎ ያዙት፤ ወንድማቸው በፈረንሳይኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ ዝም ይል ነበር። በሒሳብ ግን ወንድማቸው ይቀድማቸው ነበር። ይህ ጉራ አይደለም። አባታችን ማሳ ዳር ሁለቱንም አቁመው ሲጠይቁ፣ ወንድማቸው ሁለቱን ቁጥሮች ወዲያው ይናገራል፤ ኦሊቪን ደግሞ "እስኪቆጠር እንጠብቅ" ይላሉ። አባታችንም ይስቁና "አንቺ ልጅ መነኩሴ መሆን አለብሽ፣ ሳታዪ የምታምኚው እግዚአብሔርን ብቻ ነው" ይሏቸው ነበር።

በ1954 መጨረሻ፣ በበረዶው ወራት፣ ኦሊቪን በብርቱ ትኩሳት ታመው ከገና እስከ ፋሲካ ከአልጋ አልወረዱም። ያመለጣቸውን ትምህርት እስከ ጁን አሟልተዋል ተብለው የስምንተኛ ክፍልን የመጨረሻ ፈተና በ1955 ወሰዱ። በክፍሉ ሃያ ሁለት ልጆች ነበርን። አስተማሪያችን መነኩሲቷ ሲስተር ማሪ አንሴልም ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመሥመር ውጭ የወጣች ቁጥር ስታጋጥማቸው ራሳቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ነበር፦ አንድ ማሳ ለአሥራ ስምንት ለቃሚዎች ተካፍሏል፤ ከእያንዳንዱ ድርሻ ሃያ አራት በርሜል ድንች ተለቀመ፤ ከጠቅላላው ስምንተኛው እጅ በሰበሰ፤ የተረፈው ስንት ነው? ትክክለኛው መልስ ሦስት መቶ ሰባ ስምንት ነው። ወንድማቸው አባቱ እንዳስተማሩት፣ ከሦስት መቶ ስልሳ አያንስም፣ ከአራት መቶ አይበልጥም ብሎ አሰበና መካከሉን ሦስት መቶ ሰማንያ ብሎ ጻፈ። ስሌት አልጻፈም። ስሌት የጻፉት ኦሊቪን ነበሩ፤ የእርሳቸውም መልስ ሦስት መቶ ሰማንያ ነበር።

ሲስተር በማግስቱ ሁለቱን ወረቀቶች ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ።

"ሁለት ሰው ለየብቻው አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም" አሉ። "ኦሊቪን ሠርታ አንድ ቦታ ላይ ተሳስታለች። ኦነዚም፣ ያንተ ስሌት የታለ?"

"ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ ሲስተር።"

"ታዲያ ጭንቅላትህን ልክፈተው?"

ክፍሉ ሳቀ። ወንድማቸው እንዴት እንደደረሰበት በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክሮ ቃሉ አልመጣለት አለ። በፈረንሳይኛ ቢጀምር ሌላ ቅጣት አለ። ሲስተር ወደ ኦሊቪን ዞሩ።

"ወረቀትሽን አይቷል?"

ኦሊቪን ጠረጴዛቸውን እያዩ "አላውቅም፣ ሲስተር" አሉ።

የወንድማቸው ወረቀት ዜሮ ሆነ፤ ስምንተኛ ክፍልንም ድገም ተባለ። ከውኃ ፓምፑ አጠገብ ቪታል ቮይዚን፣ ያኔ ዲያቆን ያልሆነው ቪታል፣ "ኮራጁ፣ ውኃውንም ከእህትህ ቅዳው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሴንት ኦዲል የወንድማቸው ስም "ኮራጁ" ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላ የመጡ ሰዎች እንኳ ለምን እንደተባለ ሳያውቁ ይጠሩት ነበር። የራሱ ሚስት ኮሌት፣ ነፍሷን ይማር፣ መጀመሪያ የሰማችው ስሙ እርሱ ነበር።

በኦገስት ትምህርት ተጀመረ፤ በሴፕቴምበር እንደ ልማዱ ትምህርት ቤቱ ለድንች ለቀማ ሦስት ሳምንት ተዘጋ። ሌሎቹ ልጆች ሲመለሱ ወንድማቸው አልተመለሰም። ለእርሱ እንደተዘጋ ቀረ። ምርቱ የሚከማችበት የድንች ቤት ገባና አርባ አራት ዓመት ሠራ። ነጋዴዎች በር ላይ ቆመው "ኔዚም፣ ይሄ ጎተራ ስንት ይይዛል?" ይሉታል፤ እርሱ ሁለት ቁጥር ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ይጭናሉ። ስሌትህን አሳየኝ ያለው ነጋዴ የለም።

ወደ መምህርት ኦሊቪን እንመለስ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ማዕረግ ጨርሰው፣ ከወንዙ ታች ባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው በ1962 ተመረቁ። በዚያው ዓመት መከር ወደ ሴንት ኦዲል ተመልሰው የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ፤ እስከ 2001 ድረስም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አስተማሩ። በ1964 የመንገድ በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ፈርናንድ ሚሾ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። በሠርጉ ላይ ቪታል ቮይዚን ብርጭቆውን አንሥቶ "አሁን ደግሞ ኮራጁ ወንድም ይናገር፣ ንግግሩን ከማን እንደወሰደው እናያለን" ሲል እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሙሽራዋ ሳህናቸውን አዩ። ወንድማቸው ሳይናገር ተቀመጠ። መምህርት ኦሊቪን ከአቶ ፈርናንድ ጋር አርባ አምስት ዓመት በፍቅር ኖረዋል፤ ሞኒክ እና ዢልቤር የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

የመምህርት ኦሊቪን የሥራ ሕይወት አንድ ነገር ነበር ማለት ይቻላል፦ ልጅ ቁጥርን ከማስላቱ በፊት እንዲያየው ማድረግ። የመማሪያ መጽሐፉ ለግምት በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ይሰጣል፤ እርሳቸው ግን ከኦገስት እስከ ጁን በየቀኑ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለእርሱ ይሰጡ ነበር። "እርሳስ ታች" ይላሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ይጽፋሉ። ልጁ ሁለት ቁጥር መናገር አለበት፤ ከዚህ አያንስም፣ ከዚያ አይበልጥም። ልጆቹም ማዳም አያንስም-አይበልጥም ብለው ሰየሟቸው።

ግን ልጆቹ አይገምቱም ነበር። ይህ ነው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያቃጠላቸው። ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር በድብቅ ያሰሉና ትክክለኛውን መልስ ካገኙ በኋላ አጠጋግተው ግምት ነው ይላሉ። ለምን ቢባል፣ መሳሳት ይፈራሉ። ከክፍላቸው ያለፈ ሁሉ የሚያስታውሰው የዳኒ ኩሎምብ ነገር እንዲህ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ሲባዛ በሃምሳ ሁለት ጽፈው፣ "ዳኒ፣ ስንት ያህል ነው?" አሉት።

"ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ገደማ፣ ማዳም።"

"ገደማዋን ከየት አመጣሃት?"

"ገመትኩ።"

"እስቲ መዳፍህን።"

የልጁ መዳፍ በጥፍር በተጫረ ማባዛት ተሞልቶ ነበር።

"ይሄ ግምት አይደለም፣ ዳኒ። መልሱን አርደህ፣ ጅራቱን ቆርጠህ ነው ያመጣህልኝ። አራት መቶ በሃምሳ ሃያ ሺህ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"ግን ማዳም፣ ከሁሉም የቀረብኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"ጥፋትህ እሱ ነው" አሉት።

ከሃያ አምስት ልጅ መካከል የቱ አስልቶ እንዳስመሰለ፣ የቱ በእውነት እንደገመተ፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይተው ያውቁ ነበር። ተሳስተው አያውቁም። ወንድማቸው በእሑድ ምሳ ላይ "እንዴት ነው የምትይዢያቸው?" እያለ ይጠይቃቸው ነበር። "ይታወቃል" ይላሉና ሳህን ያቀብላሉ።

ወላጆችም አላስቀመጧቸውም። በ1988 በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ አርማን ፔልቲዬ የተባሉ አባት ተነሥተው፣ "ማዳም ሚሾ፣ ልጄን የላክሁት ሒሳብ እንዲማር ነው፣ ጥንቆላ አይደለም። ድልድይ በግምት የሚሠራ መሐንዲስ አይተው ያውቃሉ?" አሉ።

መምህርት ኦሊቪን፣ "ድልድዩን በስሌት ነው የሚሠራው። ስሌቱ ጉድ እንደሠራው የሚያውቀው ግን በግምት ነው" ብለው መለሱ። "ባለፈው ሳምንት የእርስዎ ልጅ በካልኩሌተር አስልቶ የወንድሜ የድንች ቤት አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ በርሜል ይይዛል ብሎ ጽፎልኛል። ዜሮዎቹ አልከበዱትም።"

ሰዉ ሳቀ። ቦርዱ ግን ከፔልቲዬ ጋር ወሰነ፤ ግምት በመጽሐፉ ልክ ሁለት ሳምንት ብቻ ይሁን ተባለ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ደግሞ ግምት አልነበረም፤ ቁጥር ማጠጋጋት ነበር። "ማጠጋጋት ሌላ፣ መገመት ሌላ" እያሉ ሲለፉ ኖሩ። የክፍሉን በር ዘግተው ግን በየቀኑ አሥር ደቂቃቸውን አልተዉም።

ከሁሉም ያንገበገባቸው ከዋናው ከተማ የሚመጣው ፈተና ነበር። አንድ ዓመት ሊዛ አን ሌቬክ የተባለች ተማሪያቸው አርባ አራት ሳጥን፣ በየሳጥኑ ሃያ ስድስት ፍሬ፣ በግምት ስንት ይሆናል ለሚለው ጥያቄ አንድ ሺህ አንድ መቶ ብላ ጻፈች። ስሕተት ተባለች። ፈታኞቹ የፈለጉት አርባ አራትን ወደ አርባ፣ ሃያ ስድስትን ወደ ሠላሳ አጠጋግታ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንድትል ነው። እውነተኛው ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አራት ነው፤ ከፈታኞቹ መልስ የልጅቷ ይቀርባል። መምህርት ኦሊቪን ሰባት ደብዳቤ ጻፉ። ሰባት ጊዜ "ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣላቸው። ለሊዛ አን ነጥቧ አልተመለሰም። እርሳቸው ስለዚያች አንድ ነጥብ ከሞላ ጎደል እስኪሞቱ ተናግረዋል። "ልጅቷ አይታ ነው የጻፈችው። ማንም እንዳየች አላመናትም" ይሉ ነበር። ወንድማቸው ይህን ሲሰማ ድንቹን ይልጣል። ለባዕድ ልጅ ሰባት ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው ለገዛ ወንድሙ አንድ መስመር አልጻፈም ብሎ ያስብ ነበር፤ አሁንም ያስባል።

በ1983 ወደ ድንች ቤቱ መጥተው፣ "ኔዚም፣ አንድ ቀን ክፍሌ ናና ለልጆቹ አሳያቸው። አንተን ቢያዩ ይገባቸው ነበር" አሉት።

"ምን ብለሽ ታስተዋውቂኛለሽ?"

"ወንድሜ ብዬ ነዋ።"

"ሌላስ?"

እርሳቸው ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። እርሱም አልሄደም። ልጆቹም ሳያዩት ቀሩ። ጥፋቱ የማን ነው ቢባል የሁለታችንም ነው፤ ግን እኩል አይደለም።

በ1994 የአውራጃው ምርጥ መምህር ተብለው ተሸለሙ። በ2001 ጡረታ ሲወጡ በደብሩ አዳራሽ ግብዣ ተደረገላቸው፤ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለቄሱ፣ ለባለቤታቸው፣ ለጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር ምስጋና አቀረቡ። ወንድማቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስሙን ጠበቀ። ኬኩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት በዓመት በዓል ካልሆነ አልተነጋገሩም።

ዳኒ ኩሎምብ፣ ባለ መዳፉ፣ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ በእንጨት መሸጫው ግቢ አግኝቷቸው፣ "ማዳም፣ ያ ግምት የሚሉት ነገር በሕይወቴ አንድ ቀን አልጠቀመኝም" አላቸው። ይህን ያለው በመኪናው ላይ እንጨት እየጫነ ነበር፤ መኪናው ዝቅ ሊል ሲል በዓይኑ ለክቶ አንድ ጣውላ መልሶ አወረደ። መምህርት ኦሊቪን ይህን ለወንድማቸው ሲነግሩ እስኪያለቅሱ ስቀዋል፤ ከዚያ የምራቸውን አለቀሱ። እነዚያ ሁሉ ዓመታት የት እንደገቡ አይታወቅም ነበር ለእርሳቸው። አንድም ልጅ መጥቶ ገባኝ አላላቸውም።

አቶ ፈርናንድ በ2009 ካረፉ በኋላ መምህርት ኦሊቪን ብቻቸውን ኖሩ። በኤፕሪል 2023 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ልጆቻቸው ሩቅ ስለሚኖሩ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት መንገድ ወደ ሆስፒታል ያመላልሳቸው የነበረው ወንድማቸው ነው።

በሴፕቴምበር፣ በለቀማው ወቅት፣ ከጠዋቱ አሥር ሰዓት ገደማ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ድንች ከጫነ የጭነት መኪና ኋላ ገብተን እየተጎተትን እንሄድ ነበር።

"ስንት በርሜል ይሆናል?" አሉ።

"ከመቶ ሃያ አያንስም፣ ከመቶ አርባ አይበልጥም።"

ጭነቱን እያዩ፣ "ያኔ ፈተናው ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ያልከው እንዴት ነበር?" አሉ። በስልሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን ሲያነሡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"ከሦስት መቶ ስልሳ አያንስም፣ ከአራት መቶ አይበልጥም ብዬ መካከሉን ጻፍኩ።"

"እኔ ከወረቀትህ ላይ አየሁት።"

ወንድማቸው መንገዱን እያየ ነበር። "ስሌት ነበረሽ" አላቸው።

"ማባዛቱ የኔ ነው። አራት መቶ ሠላሳ ሁለት አወጣሁ። ስምንተኛ እጅ እንዴት እንደሚወጣ ታምሜ ስለቀረሁ አላውቅም ነበር። ያንተን ሦስት መቶ ሰማንያ ቀነስኩበት፤ ሃምሳ ሁለት ወጣ። ስምንተኛው ሃምሳ ሁለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከመልሱ ወደ ኋላ ነው የሠራሁት።"

"እና ሲስተር ስትጠይቅሽ?"

"ፈራሁ። ከዚያ ቆየ። የቆየ ነገር ደግሞ በየዓመቱ ይከብዳል። ልጆቹን እንዴት ነው የምትይዢያቸው እያልክ ትጠይቀኝ አልነበር? በዚህ ነው።"

ሐሳቡ ለወንድማቸው ከዚያ በፊት መጥቶለት አያውቅም ማለት ሐሰት ነው። መጥቶለት ያውቃል፤ አባሮታል። የተሳሳተች እህት ዝም አለች ብሎ መቀየም ቀላል ነው፤ ከወንድሟ ኮርጃ ወንድሟን ኮራጅ አስባለች ብሎ ማሰብ ግን ለአንድ ቤት ከባድ ነው። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ነዳ። በሩ ላይ እጃቸውን ይዞ እያወረዳቸው፣ "በሕይወት እያለሽ ተናገሪው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሳይበተን" አላቸው።

"አልችልም፣ ኔዚም።"

"ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ልጆችን መሳሳት አትፍሩ ስትዪ ኖረሽ?"

"አዎ። ለዚያ ነው ያልኳቸው።"

ከዚያ ቀን እስከ ዕረፍታቸው ስምንት እሑዶች ነበሩ። አምስቱን ቤተ ክርስቲያን መጥተዋል። ወንድማቸው በአምስቱም ከኋላቸው ተቀምጦ ጠበቀ። በአምስተኛው ተነሡ፤ ወንበሩን ይዘው ቆሙ፤ አየር ያጠራቸው መስሎት ሰው ደገፋቸውና መልሶ አስቀመጣቸው። ሊናገሩ ይሁን ወይስ አየር አጥሯቸው ይሁን፣ ይህ የማይገመት ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ለልጃቸው ለሞኒክ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ "የሕይወት ታሪኬን ኔዚም ይጻፈው። ሌላ ሰው ከጻፈው ያሳምረዋል።" ሁለተኛው፣ ቪታል ያንብበው። ሞኒክ ጠበቃ ናት፤ ከእኔ መቶ እጥፍ ጽሕፈት ታውቃለች። ረቂቁን አንብባ በቀይ መስመር ሰረዘችበት።

"አጎቴ፣ ይሄ ለቀብር አይሆንም። 'በልጅነታቸው የተፈጠረ አለመግባባት' ብንለውስ?"

"አለመግባባት አልነበረም። በደንብ ተግባብተናል።"

"ሰው እናቴን በዚህ ያስታውሳታል እኮ።"

"እኔን በምን ሲያስታውሱኝ ኖሩ?"

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ የሰረዘችውን በእጇ መልሳ ጻፈችው፤ ሁለት የፊደል ስሕተቴንም አረመችልኝ። ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ዲያቆን ቪታል ጽሑፉ የደረሳቸው ረቡዕ ነው። ስልክ ደወሉ።

"ኔዚም፣ ይሄን እኔ ነኝ የማነበው?"

"አንተ ነህ።"

"የውኃውንም ነገር?"

"የውኃውንም።"

"ሌላ ሰው ብትፈልግ ምን ይመስልሃል? ዓይኔ ደክሟል።"

"ፊደሉን አስተልቀን እናትመዋለን።"

ዲያቆን ቪታል፣ "ልጅ ነበርን እኮ" አሉ።

"አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አንተ አሥራ አራት" አልኳቸው። "ስልሳ ስምንቱ ዓመት ግን ልጆች አልነበርንም።"

እንግዲህ ዲያቆኑ ይህን እያነበቡት ነው። ያን ቀን በክፍሉ ከነበርነው ሃያ ሁለት ልጆች እስከዚህ ሳምንት በሕይወት የነበርነው አራት ነበርን፤ አንዷ እዚህ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ የቀረነው ሦስታችን በዚህ ጣሪያ ሥር ነን። የሰማው በቂ ነው። ኦነዚም ቴሪዮ አልኮረጀም።

ስለ መምህርት ኦሊቪን ደግሞ ይህም ይጻፍ፦ ያ አንድ "አላውቅም" ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ስሌት ያልጻፈን ልጅ ሌባ ነው ሳይሉ ኖሩ። ወረቀቱ ባዶ የሆነን ተማሪ ይጠሩና፣ "እንዴት እንዳየኸው በፈለግከው ቋንቋ ንገረኝ" ይሉት ነበር። በፈረንሳይኛ የሚናገረውን ልጅ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻ ያዳምጡታል። ይህን ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ሰሞኑን ለቅሶ ሲመጡ ነግረውኛል፤ እርሳቸው በአፋቸው ነግረውኝ አያውቁም። ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ብሰማው ኖሮ በ1983 ክፍላቸው እሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

መምህርት ኦሊቪን ቴሪዮ ሚሾ ኖቬምበር 9 ቀን 2023 ከቀትር በኋላ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እና ወንድማቸው ባሉበት በቤታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸውን ሞኒክን፣ ልጃቸውን ዢልቤርን እና ባለቤቱን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ኦነዚምን፣ እንዲሁም በሰባተኛ ክፍል ያስተማሯቸውን፣ ከዘጠኝ መቶ የማያንሱ፣ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ የማይበልጡ የዚህ ሸለቆ ሰዎች ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ፈጥኖ ይማር፤ ወንድማቸውም ይቅር ለማለት ቀስ ብሎ ይደርሳል።